ታፔላው «አያት» ይላል፣ ረዳቱ «ሲኤምሲ» ይላል

ወገን፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ ሰልፉ ነው። ሰልፉ ያማርራል፣ ማን ይክዳል። ግን ሰልፉን ከሚያስረዝሙት ነገሮች አንዱ ማቆራረጥ ነው፣ እሱ ላይ ግን ሁላችንም ዝም ብለናል። ከመገናኛ አያት የሚል ታክሲ ሲኤምሲ ላይ ያራግፋል። ከሜክሲኮ ጀሞ የሚለው ሳር ቤት ሲደርስ «መጨረሻ!» ይላል። የአየር ጤናው ጦር ኃይሎች ላይ ይቀራል፣ የቃሊቲው ሳሪስ ላይ። ታፔላው ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልተነካም።

ሁለት ዓይነት ማቆራረጥ አለ። አንደኛው በግልጽ የሚደረገው ነው። አመሻሽ 11 ሰዓት ገደማ ረዳቱ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ አጭሩን መንገድ ብቻ ይጠራል። ሰልፍ ላይ ቆሞ እግሩ የዛለ ሰው ምን ምርጫ አለው? ይገባል። ሁለተኛው ይብሳል። እስከ መጨረሻው ብለው ጠርተው፣ መንገድ እንደጀመሩ ሙሉ ሂሳብ ይሰበስቡና ግማሽ ላይ «ተዘጋግቷል፣ እዚህ ውረዱ» ይላሉ። ብሩ በረዳቱ ጣቶች መሃል ለረጅሙ ታጥፎ ተሰክቷል፤ መልስ ስትጠይቅ ዝርዝር የለም። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ አባት፣ ሁሉም ጨለማ ውስጥ ወርዶ እንደገና ሌላ ሰልፍ ይይዛል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ አለ።

ሂሳቡን እንሥራው። የሚኒባስ ታሪፍ በርቀት እርከን ነው የሚወጣው፤ መነሻው እርከን ከቀጣዮቹ ጭማሪዎች ይበልጣል። ለማስላት እንዲመች እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር 10 ብር፣ ከዚያ በኋላ በየ2.5 ኪሎ ሜትሩ 5 ብር ይጨመራል እንበል። 9 ኪሎ ሜትር በአንድ ታክሲ 25 ብር ነው። መንገዱ 4 እና 5 ኪሎ ሜትር ሆኖ ለሁለት ሲቆረጥ እያንዳንዱ 15፣ ድምሩ 30 ይሆናል። በየ3 ኪሎ ሜትሩ ለሦስት ከተቆረጠ 45 ብር ገባ። ጠዋትም ማታም እንዲህ የተቆረጠበት ሰው በቀን 40 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 1,040 ብር ያለ አግባብ ይከፍላል። እና በእያንዳንዱ መቁረጫ የሚቃጠለው ጊዜ እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ሹፌሮች ለምን እንደሚያደርጉት ይታወቃል። ለባለንብረቱ የሚገባ የቀን ገቢ አለ፣ የነዳጅ ሰልፍ አለ፣ ማታ ሰው ሁሉ ወደ ዳር ስለሚሄድ መልሱ ባዶ ነው። መንገዱን ሲያሳጥር ባዶ የሚመለስበት ርቀት ያጥርለታል፣ አንዱን ወንበርም ሁለቴ ሦስቴ ይሸጠዋል። ችግሩ እውነት ነው። ግን የዚህን ዕዳ የሚከፍለው ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ የሚመላለሰው፣ ኪሱ ቀድሞም የሳሳው ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እንኳ በምሥራቅ በኩል አያት፣ በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ እነዚህ ኮንዶሚኒየሞች ሁሉ ከዚያ አልፈው ነው ያሉት። ባቡር ቢይዙም የመጨረሻው ቁራጭ መንገድ የታክሲ ነው።

ቁጥጥሩ ለምን አይሠራም? ተራ አስከባሪውም ተቆጣጣሪውም የሚቆሙት መነሻው ላይ ነው። እዚያ ታክሲው ታፔላው የሚለውን መስመር የያዘ ይመስላል። ጥፋቱ የሚፈጸመው መሃል መንገድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰው የለም። አንዳንዱ ታክሲ ተራው ጋ ሳይደርስ መቶ ሜትር ቀድሞ ቆሞ እየሮጠ የመጣውን ይጭናል፤ ሰልፉን አክብሮ የቆመው ያያል።

ቁጥጥሩ እስኪስተካከል የምንችለውን እናድርግ። ሳትቀመጡ «እስከ መጨረሻ ነው?» ብላችሁ ሌላው ተሳፋሪ በሚሰማው ድምፅ ጠይቁ፤ አንድ ሰው ሲጠይቅ ሌላውም ይነቃል። ሂሳብ የምትሰጡት የተለመደው መቁረጫ ካለፈ በኋላ ይሁን። ዝርዝር ያዙ፣ ድፍን ብር ከሰጣችሁ መልሱን ይዞባችሁ ነው የሚያወርዳችሁ። ግማሽ ላይ አውርዶ ሙሉ ከጠየቀ ለሄዳችሁበት እርከን ብቻ ክፈሉ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ስድብ ነው ትርፉ፣ አራት አምስት ሆናችሁ ስትሉት ግን ይቀበላል። ጥቆማ ስትሰጡ «አንድ ሰማያዊ ታክሲ» ማለት ምንም አይረዳም። ኮዱና የታርጋ ቁጥሩ፣ ታፔላው ላይ የተጻፈው መነሻና መድረሻ፣ ያወረዳችሁ ቦታ፣ ሰዓቱ፣ እነዚህ ይያዙ። ታርጋውንና ታፔላውን በአንድ ፎቶ ማንሳት ከወረዳችሁ በኋላ አምስት ሰከንድ ነው።

ከሚመለከተው አካል የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የየመስመሩ ታሪፍ በር ላይ፣ ከረዳቱ ራስ በላይ፣ ከኋላ ወንበር በሚነበብ ፊደል ይለጠፍ። ተቆጣጣሪ ደግሞ ከምሽቱ 11 እስከ 3 ሰዓት ሲኤምሲ፣ ሳር ቤት፣ ጦር ኃይሎች፣ ሳሪስ ላይ ይቁም። ሰው የሚራገፈው እዚያ ነው።