ኢፌክት ሁሌ ስም አይደለም
ወንድሜ ስለ እንግሊዝኛዎቹ ቃላት አፌክት (affect፣ ተጽዕኖ ማድረግ) እና ኢፌክት (effect፣ ውጤት) «አፌክት ሁሌ ግስ ነው፣ ኢፌክት ሁሌ ስም ነው» ያልከው አብዛኛውን ጊዜ ይሰራል፣ ችግሩ «ሁሌ» የምትለዋ ናት። ኢፌክት ግስም ይሆናል፣ ያኔ ትርጉሙ አንድን ነገር እውን ማድረግ፣ ማምጣት ነው። ስለዚህ «ኢፌክት ቼንጅ» ካልክ ለውጡን ራስህ አመጣኸው ማለት ነው፣ «አፌክት ቼንጅ» ካልክ ግን ለውጡ በሌላ ምክንያት እየመጣ ነው አንተ ተጽዕኖ አደረግክበት እንጂ አላመጣኸውም፣ በጣም ይለያያል እኮ! ብዙ ሰው ይቺን ደንብ ሸምድዶ በትክክል የተጻፈውን «ስህተት ነው» ብሎ ያርማል (እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው)። አፌክትም ቢሆን በሳይኮሎጂ ስም ነው፣ ሰው ፊቱና ድምፁ ላይ የሚታየው ስሜት ማለት ነው፣ ሲነበብም ጫናው መጀመሪያው ሲላብል (ክፍለ ቃል) ላይ ነው የሚያርፈው።