እርማት፦ ሽታ ማጥፊያ ቢረጩም ነፋሱ መታየት አለበት

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ኤልክ የተባለውን ትልቅ የአጋዘን ዝርያ በቀስት ስለማደን አስተያየት የሰጡ ብዙ ሰዎች አንድ ነገር ይደጋግማሉ። "ሽታ ማጥፊያ ከተረጨህ ስለ ነፋስ አታስብ፤ ወንዱ ጥሪህን ከሰማ ቀጥ ብሎ ይመጣል" ይላሉ። ጥሪ የሚሉት አዳኙ የኤልክን ድምፅ አስመስሎ የሚያሰማውን ነው። በቅን ልብ የተሰጠ ምክር ነው፤ ግን ትክክል አይደለም።

መርጫው ሽታን ቢቀንስ እንጂ አያጠፋም። ትንፋሽና ላብ የሚቆም ነገር አይደለም። ወንዱ ኤልክ ደግሞ በሴፕቴምበር፣ በመራቢያው ወቅት እንኳ ጆሮውን ብቻ አያምንም። ብዙ ጊዜ ከመጠጋቱ በፊት ይዞርና የጠሪውን ሽታ ነፋስ በሚያመጣለት በኩል ያሸታል። የሰው ሽታ ካገኘ አበቃ፤ ኮሽታ ሳያሰማ ሊሄድ ይችላል። አዳኙም ጥሪው ያልሠራ ይመስለውና የጥሪ መሣሪያ ሲቀያይር ወቅቱ ያልቅበታል። ይሄ ያሳዝነኛል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ትንሽ የታልክ ዱቄት በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙና በየመሃሉ ጨመቅ አድርጋችሁ ወዴት እንደሚሄድ እዩት። አየሩ ከተረጋጋ፣ ማለዳ ዱቄቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ማለዳ ከታች፣ ሲሞቅ ግን ከላይ ወይም ከጎን ቅረቡ። ዱቄቱ ወደ ኤልኩ ከሄደ አትጥሩ፤ መጀመሪያ ቦታ ቀይሩ።