የብሎግ ስም ጉግል ላይ አያወጣም፦ እርማት

ወንድሜ፣ «ስሙ ውስጥ ደሴ፣ ዜና፣ መረጃ የሚሉ ቃላት ካልገቡ ብሎግህን ጉግል አያወጣውም» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ስለሚያምነው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2012 ፍለጋውን ሲያሻሽል፣ ስማቸው ከሚፈለገው ቃል ጋር ቢገጥምም ይዘታቸው ደካማ የሆኑትን ድረ ገጾች ወደ ታች አውርዷቸዋል። ዋናው ጽሑፍህ ነው።

ይልቅ የስሙን አጻጻፍ አስብበት። ደሴን ራሷን በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፋታል፤ መጨረሻዋ ላይ «አይ» የሚጨምርም አለ። ፒያሳ ላይ ለጓደኛህ የብሎግህን አድራሻ በቃል ብትነግረው፣ ቤቱ ገብቶ ሳይሳሳት ይጽፈዋል? ሁለት ሦስት ሰው አስጽፈህ ሞክረው። ደግሞ ነገ ስለ ልጅ አስተዳደግ መጻፍ ቢያምርህ «ዜና» የሚለው ስም እጅህን ያስርሃል። የራስህ ስም ግን ስለ ምንም ብትጽፍ ያስኬድሃል።