ላስት ስንት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ መሸጥ ዜና ነው። «ላፕቶፔን ልሸጥ ነው» ብላችሁ ለአንድ ሰው ከነገራችሁ፣ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ወሬያችሁን እያጣጣመ ቡና ይጠጣል። በሰፈሩ ሕግ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ቸግሮታል፣ ወይ ፕሮሰሱ አልቆለት ሊሄድ ነው። ሌላ ስላገኘ አሮጌውን ይሸጣል ብሎ የሚያምን የለም።

አራት ኪሎ ያለችው አክስቴ ደወለች።

«ኮምፒዩተሩን ልትሸጠው ነው አሉ። ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለህ?»

«ኧረ ምንም። መሥሪያ ቤት ሌላ ሰጡኝ።»

«ሊሄድ ነው የሚሉት እውነት ነዋ!»

«የት?»

«እንግዲህ ከእኔም ከደበቅክ…»

ቀጥሎ ዋናው ጉዳይ መጣ። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ለባዕድ ከምሸጠው ለወንድሜ ባደርገው ምናለበት? ዋጋ አልተነሳም። ለአክስት ዋጋ መጥራት ነውር ነው፤ አክስቴም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ሰው ዕቃ ሲሸጥ የሚፈራው ሌባ ነው። ለሌባ ግን ፖሊስ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ዘበኛ አለ። ይሉኝታን ምን ታደርጉታላችሁ? ዘመድ የሚከፍለው «ደሞዝ ሲወጣ» ነው፤ የየትኛው ወር ደሞዝ እንደሆነ አይጠየቅም። የሥራ ባልደረባ ደግሞ ግማሹን ሰጥቶ ቀሪውን በየጠዋቱ በፈገግታ ይከፍላል። ስለዚህ ለማላውቀው ሰው ልሸጥ ወሰንኩ። ለአክስቴ «ተሸጧል» አልኳት። ገና ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም ነበር።

የዋጋው ነገር ፈላስፋ ያደርጋል። ላፕቶፑን የገዛሁት ዶላር በባንክ ገና 57 ብር ሳይደርስ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር አለፈ። እናም ላፕቶፔ እያረጀ ይወደዳል። ከገዛሁበት በላይ ጠራሁ ብላችሁ አጭበርባሪ አትበሉኝ። በዚያ በገዛሁበት ብር ዛሬ ሱቅ ብሄድ የእሱን ታናሽ እንኳ አያሸክመኝም።

ትክክለኛውን ዋጋ ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ። አንድ ቀን ገዢ ሆናችሁ፣ ሌላ ቀን ሻጭ ሆናችሁ ሂዱ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ «ዴል ላቲቲዩድ፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጂቢ ራም አላችሁ?» አልኩ። ልጁ ከመደርደሪያው ላይ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ አወረደው። «አንድ ጭረት አታገኝበትም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር ናት የያዘችው።»

በሌላ ቀን ያንኑ ሞዴል፣ የራሴን፣ ይዤ ሌላ ሱቅ ገባሁ። ሰውየው በአንድ ጣቱ ክዳኑን ከፈተው። ገለበጠው። በጥፍሩ ጎኑን ፋቅ ፋቅ አደረገው።

«ይሄ አሁን ገበያ የለውም። ማን ነው የያዘው?»

«እኔ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ወዲያው ገባው።

በሁለቱ ዋጋዎች መሃል አውቶቡስ የሚያዞር ሜዳ አለ። ተገቢው ዋጋ እዚያው መሃል ላይ ነው። ሱቁ ኪራይና ግብር አለበት፤ ለገዢውም የተወሰነ ጊዜ ዋስትና ይሰጣል። እኛ የምንሰጠው «አይዞህ፣ ምንም አይልህም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሱቁ መሸጫ ዝቅ ማለት ግድ ነው። የጄኔሬሽኑ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ (የኮምፒዩተሩ አንጎል) ትውልድ ስንተኛ ነው የሚለው ጥያቄም ጉራ እንዳይመስላችሁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ሰባተኛ የያዘ ሰው ይህን ለገዢው ቢነግር ይሻለዋል፤ ባይነግረውም ገዢው ይዞት የሚመጣው ጓደኛ ይነግረዋል።

ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ሰላምታ ከዚህች ከተማ መጥፋቱን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። «ላስት?» ይላል አንዱ፣ ነጥብ እንኳ ሳያደርግ። ዋጋው ፎቶው ሥር ተጽፏል፤ እሱን ማንም አያነበውም። ሌላው ስልኩን ሰጥቶ ትንሽ ጨምሮ መለወጥ ይፈልጋል። አንድ ደላላ «ጥሩ ገዢ አለኝ፣ ኮሚሽኔን ብቻ አስብልኝ» አለ። ገዢው ራሱ ነበር። ቤትህ መጥቼ ልየው የሚለውን ግን በትህትና እለፉት። ቤት ከመጣ ላፕቶፑን ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥኑንም አይቶ ነው የሚሄደው።

የተገናኘነው በጠራራ ፀሐይ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ሶኬት ያለው ካፌ ውስጥ ነው። ገዢው ትሑት ልጅ ነው። አብሮት ግን «ኮምፒዩተር የሚችል» ጓደኛው መጥቷል። የሚችለው ሰው አይስቅም። ላፕቶፑን ከፍቶ መጀመሪያ ካሜራውን ፈተሸ፤ እግረ መንገዱን ፀጉሩን አስተካከለ። ከዚያ ስፒከሩን ሊሞክር ሙዚቃ ለቀቀ፤ ካፌው በሙሉ ዞሮ አየን። በመጨረሻ የባትሪውን ሪፖርት አወጣ። ይህን እንኳ አደንቅለታለሁ። ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ቁጥሩን ለገዢው አሳየው። ሁለቱም የሐዘን ፊት ለበሱ።

«ባትሪው ደክሟል» አለ የሚችለው።

«ዋጋው ላይ አስቤዋለሁ» አልኩ።

«እኛም እናስብበት።»

ካሰቡ በኋላ ተስማማን። ቀጥሎ ክፍያ። ገዢው ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ «ልኬዋለሁ» አለና ስክሪኑን አሳየኝ። እኔ ደግሞ የሰው ስክሪን አላይም። «ተልኳል» የሚል ምስል በፎቶ ማስተካከያ ሊሠራ ይችላል፤ «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክትም ከማንም ስልክ ሊላክ ይችላል። የራሴን ሂሳብ ከፈትኩ። አልገባም።

«ኔትወርክ ነው» አለ የሚችለው።

ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ኔትወርክ ያልተወነጀለበት ጉዳይ የለም። ሌላ ማኪያቶ አዘዝን። ላፕቶፑ ክንዴ ሥር ነው። እነሱ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው፤ አስተናጋጇ ሦስታችንንም አየችን። ቆይቶ ገባ። ልጁ እውነቱን ነበር። እኔ ግን ያ ማኪያቶ አይቆጨኝም።

ወረቀትም ተፈራረምን፤ ሲሪያል ቁጥሩን ጽፈን፣ የመታወቂያ ኮፒ ተለዋውጠን። ይህ ለእሱም ይጠቅመዋል። ነገ አንዱ መንገድ ላይ «የተሰረቀ ነው» ቢለው የሚያሳየው አለው። አስተናጋጇን ምስክር ሁኚን ብንላት «እኔ ፍርድ ቤት አልመላለስም» ብላ ሂሳቡን አምጥታ ሄደች።

ዳታውን ከሽያጩ በፊት በነበረው ማታ አጽድቼው ነበር። ፋይል ዲሊት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሃርድ ዲስኩ ላይ ሊቆይ ይችላል፣ የሚችል ሰው ያወጣዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ካፌው ውስጥ አይተነዋል። ሪሴት ስታደርጉ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን፣ ድራይቩን አጽዳ ከሚለው ጋር ምረጡ። ቴሌግራማችሁንም ከስልካችሁ ሆናችሁ ከዚያ ላፕቶፕ ላይ አስወጡት። አለበለዚያ ገዢው የቤተሰብ ግሩፑን ያነብላችኋል፤ ማን ለሠርግ እንዳላዋጣ ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል።

አበቃ ብዬ ነበር። በሳምንቱ እሁድ ጠዋት ልጁ ደወለ። «ወንድሜ፣ ድምፁ ጠፋብኝ።» አስተካከልንለት። ቀጥሎ ፕሪንተር አልያያዝ አለው። ከዚያ የታናሽ እህቱን ሲቪ አርምልኝ አለ። ባለፈው ደግሞ ለልጁ ክርስትና ጠራኝ። ምን ይዤ ልምጣ ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ ምንም! እጅህን እያወዛወዝክ ና» አለኝ። «ፍላሽ ካለህ ብቻ ያዝ። የአማቴ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ትጭንልናለህ።»