ፒያሳ ቆሞ ወይስ ባቲ ወርዶ? የመንገድ ፎቶ ክርክር

የመንገድ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው እንግዳ ነገር በየቀኑ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ይገኛል? ወይስ ፍለጋ መውጣት አለበት? ሁለት የደሴ ሰዎች በዚህ ተከራክረዋል። እሷ በስልኳ የምታነሳ ወጣት ናት። እሳቸው ብዙ ዘመን በፎቶ ቤት የሠሩ ባለሙያ ናቸው።

እሷ፦ ይገኛል። እኔ ከደሴው ፒያሳ ብዙም አልርቅም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ባጃጁ ሳይታይ መብራቱ ብቻ ይመጣል። ትልቅ መስታወት የተሸከመ ሰው አስፋልት ሲሻገር ራሱ አይታይም፤ በመስታወቱ ውስጥ ግን የመስጊዱ ሚናራ አብሮት ይሄዳል። ልብስ ቤት ደጃፍ ጭንቅላት የሌላቸው አሻንጉሊቶች ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። አንዲት እናት ከጎናቸው ባጃጅ ትጠብቃለች። መሬት ላይ ያለውን ጥላ ብቻ ካያችሁ እናቲቱ የትኛዋ እንደሆነች አትለዩም። ለዚህ ጉዞ አያስፈልግም። አንድ ጥግ ይዞ ብርሃኑን መጠበቅ ነው። እንዲያውም የሰው ፊት ለእኔ ከጥላው አይበልጥም።

እሳቸው፦ ከጥላው አይበልጥም አልሽ፣ ልጄ? እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰው ፊት ላይ መብራት ሳስተካክል ነው። ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ኮሌታውን ይነካል። ሴቷም ነጠላዋን ታስተካክላለች። ያ ክብር ነው። እንግዳ ነገር ካማረሽ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረጂ። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ይመጣል። ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ሰው ከሰው ጋር ዋጋ ሲከራከር ታያለሽ። ጥላ አይከራከርም።

እሷ፦ ባቲ እንግዳ የሚሆነው ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ። ለባቲ ሰው ሰኞ በመጣ ቁጥር ያለ ነገር ነው። ቱሪስቱም ግመሉን አንስቶ ይሄዳል። ቪቪያን ማየርን ያስቡ። ቺካጎ ውስጥ ሞግዚት ነበረች። የሌላ ሰው ልጆች እያሳደገች በየመንገዱ ከ100,000 በላይ ፎቶ አነሳች። ዓለም ግን ያወቃት ፊልሞቿ በ2007 እ.ኤ.አ. በጨረታ ከተሸጡ በኋላ ነው። ፎቶ አንሺው ሳውል ሌይተርም ኒውዮርክ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያነሳው በአብዛኛው የራሱን ሰፈር ነው። ላብ የያዘ መስኮት፣ ቀይ ጃንጥላ። ደግሞም ልጄ አይበሉኝ። ክርክር ላይ ነን።

እሳቸው፦ እሺ እህቴ። ያቺን ቃል ግን ዘለልሻት። ፊት ከጥላ አይበልጥም ብለሻል። ይህን ወሎ ላይ ሆኖ ማለት ይከብዳል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ኮረም የወሎ ነበረች። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን እዚያ የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አዳረሰ። እርዳታ አምጥቷል፣ አልክድም። ዓለም ፊታችንን አየ። ስማችንን ግን ማን ጠየቀ?

እሷ፦ ያን በእኔ ላይ ማምጣትዎ ያማል። የእኔም ቤተሰብ ያን ዘመን አልፎታል። ፒያሳ የምቆመው እኮ ለዚህ ነው። ወሎ ሲባል ለሰው የሚታየው የተራበ ሕፃን ብቻ እንዳይሆን ነው። ባጃጁን እያጠበ የሚዘፍነው ልጅ ይታይ። ጉሙ ይታይ። ላስፈቅድ ብል ደግሞ ሰውዬው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያየሁት ነገር በዚያው ጠፋ።

እሳቸው፦ ታዲያ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ አሳየሽ። እኔ ፎቶ የምለው ያንን ነው። አሁን አንድ ነገር መልሽልኝ። አሻንጉሊቶቹ ጎን የቆመችው እናት መነሳቷን ታውቃለች? ከአሻንጉሊት እንደማትለይ ተነግሯታል?

እሷ፦ ፊቷ አልወጣም። ማንም አያውቃትም።

እሳቸው፦ ልጆቿ ያውቋታል። በነጠላዋ፣ በአቋቋሟ ይለይዋታል። ፊት አያስፈልገኝም እያልሽ አሁን መከላከያ ያደረግሽው ፊቷን ነው።

እሷ፦ የተጠየቅነው እንግዳ ነገር የት ይገኛል ተብለን ነው። አግኝቼ አሳየሁ። እርስዎ ባቲን ጠርተው ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልጨመሩላትም።

እሳቸው፦ ባቲም ይሁን ፒያሳ፣ ፎቶውን አሳጥቢና ለሴትየዋ ስጫት። ስለ ጥላ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

እሷ፦ አሳጥቤ እሰጣታለሁ። ቀድሜ ግን አላስፈቅድም።