ይድረስ ጆሮ ዳባ ልበስ ላለው ጎረምሳ

በጃፓን የትምህርት ቤት ፍቅር ኮሜዲ ላይት ኖቭል (ለወጣቶች የሚጻፍ፣ ሥዕል ያለበት ቀለል ያለ ልብ ወለድ) ውስጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመት፣ መስኮቱ ዳር ከኋላ ለምትቀመጠው ዋና ገጸ ባሕርይ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አንባቢዎችህ፣ ከጆሮህ ነገር በቀር፣ ደህና ነን።

ልጅቷ ጉንጯ ቀልቶ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ እያፍተለተለች «ሱኪ» ትልሃለች፤ በጃፓንኛ የመውደድ ቃል ናት። ቃሏ ሁለት ፊደል ብቻ ናት። አንተ ደግሞ «እ? ምን አልሽኝ?» ትላለህ። ወይ ነፋስ ይነፍሳል፣ ወይ ማቋረጫው ላይ ባቡር ያልፋል፣ ወይ ርችት ይፈነዳል። አገርህ እንኳ ሰልችቶት ለአንተ ዓይነቱ «ናንቾኬይ» የሚል ስም አውጥቷል፤ ጆሮው የከበደ ወገን እንደማለት ነው። ከሦስት ጠረጴዛ ወዲያ ሲንሾካሾኩ ስለ አንተ የተባለውን ክፉ ቃል ግን አንድ ሳይቀር ትለቅማለህ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ሲባል የሰማህ አልመሰለንም። መቼ ሰምተህ!

ደግሞ የምትተርከው አንተው ነህ፤ «እኔ» እያልክ። ታዲያ ያልሰማኸውን ቃል ገጹ ላይ ማን ጻፈው? ደራሲዎችህ ሁለት መውጫ አላቸው። አንዱ በቃሉ ቦታ ነጠብጣብ መደርደር ነው፤ ይሄ ቢያንስ ሐቀኛ ነው፤ እኛም ካንተ ጋር እንደነቁራለን። ሌላው ቃሉን እንዳለ አትሞ ቀጥሎ «መጨረሻው አልተሰማኝም» ማስባል ነው። እዚህ ላይ ተራኪው ይሞትና የደራሲው እጅ ይታያል። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አይተሃል፣ ጆሮዋ ሲቀላ አይተሃል፣ ድምጿ እንደሰለለም ነግረኸናል፤ የጎደለችው ያቺው አንዲት ቃል ናት።

አማርኛ ተናጋሪ ብትሆን ኖሮ አንድ ቅጽ አትዘልቅም ነበር። «ሱኪ» ማን ማንን እንደሚወድ አይናገርም፤ ባለቤቱም ተሳቢውም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «አዎ፣ እኔም ራመን እወዳለሁ» ብለህ የምትሾልክበት ቀዳዳ አለህ። «እወድሃለሁ» ውስጥ ግን ወዳዷም ተወዳጁም፣ ወንድነትህም ጭምር፣ በአንዲት ቃል ታጭቀዋል። ይህን ትዕይንት ወደ አማርኛ ላምጣ የሚል ተርጓሚ፣ ልጅቷን «ደስ ይላል» ብሎ ካላስጀመራት በቀር ነገሩ እዚያው ያበቃበታል።

ለነገሩ ሐኪም ዘንድ አትሂድ፤ ሕመሙ ያለው አሳታሚው ዘንድ ነው። መኖሪያህ ኪስ የሚገባ፣ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጽሐፍ ነው፤ ፊት ለፊቱ ባለቀለም ሥዕሎች፣ ውስጡ ደግሞ ጥቂት ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች። አንዱ ቅጽ ሲሸጥ ቀጣዩ ይታዘዛል። እሺ ያልክ ዕለት «ማንን ይመርጥ ይሆን?» የሚለው ጉጉት ይሞታል። ስለዚህ ለሰኔ ዝናብ በአንድ ጃንጥላ መሄድ፣ ለነሐሴ ዩካታ የሚሉት ስስ የባህል ልብስና ርችት፣ ለመኸሩ የትምህርት ቤት ፌስቲቫል፣ ከዚያ የክፍል ጉዞ፣ ከዚያ የፌብሩዋሪ 14 ቸኮሌት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቅጽ እየተመደበ ጆሮህ ይደፈናል። ወላጆችህም ለሥራ ውጭ አገር እንደሄዱ ቀሩ። አንድ ጊዜ እንኳ ደውለው «በላህ ወይ?» አይሉም?

ሐሜት ብቻ እንዳይሆን፦ ስትቀልድ ትችላለህ። ነገረኛ ልብህ ከራሱ ጋር የሚሟገትባቸው ገጾች ብዙ «ቁም ነገር» የሚባል ልብ ወለድ የሌለው ሕይወት አላቸው። አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲንጫጫ «አለች፣ አለ» ሳይባል ማን እንደተናገረ እናውቃለን፤ «እኔ» ለማለት ሻካራው «ኦሬ»፣ ለስላሳው «ቦኩ»፣ ቀበጧ «አታሺ» ትላለችና። «እኔ» ማለት ብቻውን መታወቂያ የሆነበት ቋንቋ ነው፤ ሲተረጎም መጀመሪያ የሚረግፈውም ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ የስም አጠራሩ! ከቤተሰብ ስምና ከአክብሮት መጠሪያው «ሳን» ተነስታችሁ በመጠሪያ ስም እስክትጠራሩ ሁለት መቶ ገጽ ይፈጃል፤ ከአንቱ ወደ አንተ መውረድ ምን ያህል ላብ እንደሚያስወጣ ለምናውቅ ለእኛ፣ ያ ገጽ ከመሳም ይበልጣል። እሱን የመሰለ ነገር እያለህ ተደናቅፈህ ሴት ላይ መውደቅ ምን አመጣው? እሱ እንኳ ቀልድም አይደለም።

በዚያ ላይ ማመካኛህ አርጅቷል። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ወዲህ፣ ማንም ልብ ወለዱን ከሚለጥፍባቸው እንደ ካኩዮሙ ካሉ ድረ ገጾች የመጡ፣ ጥንዶቹ ከጅምሩ አብረው የሚውሉባቸው ታሪኮች ተነባቢ ሆነዋል። ሩዝ አብረው ያበስላሉ፣ ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ተከታታዩም ይቀጥላል። አንዳንዱ ስኳሩ በዝቶ ጥርስ ቢያሳምምም፣ ጆሮ ግን አለው።

ለልጅቷም አንድ ቃል እናድርስ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ርችቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ላይ የሚተኮስ ከሆነ፣ ብርሃኑ ከታየሽ በኋላ ፍንዳታው እስኪደርስ ሦስት ሰከንድ ያህል አለሽ። «ሱኪ» አንድ ሰከንድ አትፈጅም። ፍንዳታውን አትጠብቂ፤ ብርሃኑ ሲበተን ተናገሪ። ማሳረጊያው ላይ ግን ተከታትሎ ስለሚተኮስ ክፍተቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ገና ሲጀመር፣ ረጋ ብሎ አንድ አንድ ሲተኮስ ይሁን።

አንባቢዎችህ

ግልባጭ፦ ለባቡር ማቋረጫው፤ እንዲሁም በየማለዳው ለምትቀሰቅስህ የልጅነት ጓደኛህ (እንደተለመደው፣ ለመረጃ ያህል ብቻ)።