ወንድነቱ የጎደለው የት ነው?

ማርክ ዙከርበርግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ከአሜሪካዊው የፖድካስት አዘጋጅ ከጆ ሮጋን ጋር ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አወራ። ከዚያ ሁሉ ወሬ ጆሮዬ ላይ የቀረችው አንዲት ነገር ናት። የድርጅቶች ባህል ተኮላሽቷል፣ የወንድነት ጉልበት ያስፈልገዋል አለ። ቁጣ ቁጣ የሚለው ባህልም የራሱ በጎ ጎን እንዳለው ነገረን። በዚያው ሰሞን የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ኩባንያው ሜታ ሴቶችንና ሌሎች የተገፉ ሰዎችን ወደ ሥራ ለማምጣት የዘረጋቸውን ፕሮግራሞች አጠፈ።

ነገሩ በዚያ ቢቀር ባልጻፍኩ። ግን ይኸው እስካሁን “ልክ ብሏል እኮ” የሚል ሰው አይጠፋም።

እስቲ ልጠይቅ። የት ነው የጎደለው? በ2024 ፎርቹን የተባለው የንግድ መጽሔት ከዘረዘራቸው 500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች በሴት የሚመሩት 52 ነበሩ። በቀሩት ወንበሮች ላይ ማን እንደተቀመጠ ታውቃላችሁ። የሜታ መሥራች፣ ሥራ አስፈጻሚና የቦርድ ሰብሳቢ አንድ ሰው ነው። ከባለአክሲዮኖች ድምፅም ከግማሽ በላዩ በእጁ ነው። ይህ ሰው ነው ወንድነት ጠፋ ብሎ እሪ የሚለው። ጠግቦ እያገሳ ራበኝ!

ሦስት እህቶችና ሦስት ሴት ልጆች አሉኝም ብሏል። ይህቺን መከላከያ ስንቴ ሰማናት? እናትና እህት የሌለው ጨቋኝ ካለ እስቲ አምጡልኝ።

የሚያበግነኝ ደግሞ ይህን የሚለው የኮምፒውተር ሰው መሆኑ ነው። “ኮምፒውተር” የማሽን ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ሥራ መጠሪያ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመድፍ ጥይት የት እንደሚያርፍ ለአሜሪካ ጦር ሲያሰሉ የሚውሉት ሴቶች “ኮምፒውተር” ይባሉ ነበር። በእጅ ማስላቱ ጊዜ ስለፈጀ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤኒያክ የሚባል ክፍል ሙሉ ማሽን ተሠራ። ማሽኑን መሥራት የወንዶቹ መሐንዲሶች ክብር ሆነ። ማሽኑን ማዘዝ፣ ዛሬ ፕሮግራም መጻፍ የምንለው፣ ግን እንደ ጸሐፊ ሥራ ቀላል ተደርጎ ተቆጠረና ለስድስት ሴቶች ተሰጠ። መመሪያ መጽሐፍ የለ፣ የፕሮግራም ቋንቋ የለ። ንድፉን ዘርግተው አጠኑት። ገመድ እየነቀሉ እየሰኩ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን እያገላበጡ አሠሩት። በፌብሩዋሪ 1946 ማሽኑ ለሕዝብ ሲታይ ተመልካቹን እጁን በአፉ ያስጫነውን ስሌት ያዘጋጁት ከእነሱ ሁለቱ ናቸው። ማታ ለተደረገው የክብር እራት ግን ማንም አልጠራቸውም። ከዓመታት በኋላ አንዲት ተማሪ ፎቶግራፉን አይታ እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው ብላ ብትጠይቅ፣ ለማሽኑ ማሳመሪያ የቆሙ ሞዴሎች ናቸው ተባለች። ሞዴሎች!

ከዚያስ? ሥራው ገንዘብም ክብርም ማምጣት ጀመረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በኮምፒውተር ሳይንስ ከሚመረቁት 37 በመቶ ገደማ ሴቶች ነበሩ። ኋላ ወደ 18 በመቶ አሽቆለቆለ። የሴቶች ጭንቅላት በ20 ዓመት ውስጥ ተቀየረ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። እሷ ስትይዘው ተራ ሥራ፣ እሱ ሲይዘው ጥበብ። አሁን ደግሞ ስሙ “የወንድነት ጉልበት” ሆነ።

ቁጣውም ያው ነው። እሱ ጠረጴዛ ሲደበድብ ቆራጥ ይባላል። እሷ ድምጿን ከፍ ስታደርግ “ምን ሆና ነው ዛሬ?” ይባልላታል። ቁጣ በጎ ጎን አለው ከተባለ ለማን እንደሆነ አብሮ ይነገረን።

አንዲት ነገር ልመንለት። በፈገግታና በመፈክር ተጀምሮ በፈገግታና በመፈክር የሚያልቅ ስብሰባ እኔንም ያንገሸግሸኛል። ለዚያ መድኃኒቱ ፊት ለፊት መናገር ነው። ፊት ለፊት ለመናገር ጢም አያስፈልግም።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ልጅ ማሳደግን፣ በሽተኛ ማስታመምንና የቤት ሥራን ከመሰለው ክፍያ የሌለው ልፋት ከሦስት አራተኛ በላይ የሆነውን ሰዓት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። የወንድነት ጉልበታችን መዋያ አጥቶ ከሆነ እዚያ ክፍት ቦታ አለ። ቅጥሩ ዛሬ ማታ ይጀምራል።